የቻይና መርፌና ቅጠላ ቅጠል፦ የቱን እንቀበል፣ የቱን እንተው?



በጀመዓችን ስለ ሒጃማ (በአገራችን አጠራር ዋግምት) ትምህርት በተሰጠ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንድ እጅ መነሳቱ አይቀርም። «የቻይናዎቹ መርፌስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት በ1974 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘውና በቻይና ድጋፍ በተሠራው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች መርፌውን ሲሰጡ ቆይተዋል። ከሆስፒታል ውጭ ደግሞ ሻይ፣ ክኒንና ፕላስተር «የቻይና ባህላዊ መድኃኒት» እየተባለ ይሸጣል። በየዶርሙ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የክብደት መቀነሻ ሻይ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ተማሪ ሕመም አያጣም። ፈተና ሲደርስ ራስ ምታት፣ ከላይብረሪ ወንበር የሚመጣ የወገብና የአንገት ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የረጅም መንገድ ማቅለሽለሽ፣ ለእህቶች ደግሞ የወር አበባ ቁርጠት አለ። በእነዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ምክር እንሰማለን። አንዱ «ሁለት ሺህ ዓመት የሠራ ሕክምና ነው፤ ዝም ብለህ ሂድ» ይላል። ሌላው «ጥንቆላ ነው፤ አትጠጋው» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚፈርዱ ናቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። መታከም ሰበብ ማድረስ ነው፤ ተወኩልን አይቃረንም። እዚህ ላይ ግን ዑለማዎች ያስቀመጡት አንድ መርሕ አለ፤ ብዙዎቻችን ስለ ሒርዝ በተሰጠ ትምህርት ሰምተነዋል፣ ወደ ፋርማሲ ስንሄድ ግን እንረሳዋለን። አንድ ነገር ሰበብ መሆኑ የሚታወቀው ወይ በሸሪዓ ማስረጃ ወይም በተጨባጭ ሙከራ ነው። ስለ ቻይና መርፌ የወረደ ነስ የለም። ስለዚህ የሚቀረን ሁለተኛው መንገድ ነው፦ ተሞክሮ ምን ታየ? ጽሑፉ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይሄዳል።

ስለ «ቺ» የሚነሳው ጥርጣሬ

የቻይና ሐኪሞች መሠረታዊ መጽሐፍ «ኋንግዲ ኔይጂንግ» ይባላል፤ ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የተጠናቀረ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት በሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል ኃይል በ12 ዋና ዋና መስመሮች ይዘዋወራል። ሲታገድ ሕመም ይመጣል፤ በመስመሮቹ ላይ ባሉ ነጥቦች ቀጭን መርፌ ሲገባ መንገዱ ይከፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው መለኪያ የ361 ነጥቦችን ቦታ ይዘረዝራል። ነጥቦቹን ሞግዋርት በሚባል የደረቀ ተክል ጭስና ሙቀት ማሞቅም የዚሁ ሕክምና አካል ነው።

አንዳንድ እህቶችና ወንድሞች «ታዲያ ይህ ከዐቂዳ ጋር አይጋጭም?» ብለው ይጠይቃሉ። ነገሩን በራሳችን ታሪክ ብናየው ይቀላል። ኢብኑ ሲና በ«አል-ቃኑን» ሕክምናን ያስተማሩት አራቱ የሰውነት ፈሳሾች (አኽላጥ) ሚዛናቸውን ሲስቱ ሰው ይታመማል በሚለው የግሪኮች ንድፈ ሐሳብ ላይ ቆመው ነው። ዛሬ ዘመናዊው ሕክምና ያንን ንድፈ ሐሳብ አይቀበለውም፤ ኢብኑ ሲና ያዩአቸውና የመዘገቧቸው ብዙ ምልክቶች ግን ትክክል ነበሩ። «ቺ»ም እንደዚያው የጥንት ሰዎች ያዩትን ለማብራራት የሰጡት ስም ነው። በመስመሮቹ ሳያምኑ መርፌውን መወጋት ይቻላል። ቻይና ውስጥና ውጭ መርፌውን የሚሰጡ በርካታ ዘመናዊ ሐኪሞችም ስለ ነርቭና ስለ ጡንቻ እንጂ ስለ «ቺ» አያወሩም። ሕክምናውን የሚሰጠው ሰው ግን መናፍስት መጥራት፣ ክታብ ማሰር፣ ዕድል ማንበብ ከጀመረ ጉዳዩ ሕክምና መሆኑ ቀርቷል፤ ተነስቶ መውጣት ነው።

ሙስሊሞችና የቻይና ሕክምና፦ የቆየ ትውውቅ

ይህን ክፍል ለመዝለል አስቤ ነበር፤ ግን ለታሪክ ተማሪዎቻችን ስል ተውኩት። በሞንጎሎች ዘመን በፋርስ ወዚር የነበሩት ረሺዱዲን ፈድሉላህ በታብሪዝ የቻይና የሕክምና ጽሑፎችን ወደ ፋርስኛ አስተርጉመዋል። በ1313 የተጻፈው ይህ ሥራ «ተንሱቅናመ» ይባላል፤ ስለ ደም ሥር ምት ምርመራ የሚናገረው የቻይናዎች ትምህርት በውስጡ ይገኛል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ የቻይና ሙስሊሞች፣ ማለትም ኹዊዎች፣ የሙስሊሙን ዓለም ሕክምና በቻይንኛ ጽፈው አስቀምጠዋል። «ኹዊኹዊ ያኦፋንግ» የተባለው መጽሐፋቸው 36 ጥራዝ የነበረ ሲሆን ዛሬ የተረፈው 4 ጥራዝ ብቻ ነው። በቻይንኛው መሐል የመድኃኒት ስሞች በዐረብኛ ፊደል ተጽፈው ይታያሉ።

የእኛም አገር ምድር በዚህ ንግድ ውስጥ አለችበት። የቻይና ሐኪሞች ለግጭት፣ ለውልቃትና ለእብጠት የሚያዝዟቸው ሁለት ሙጫዎች ዕጣንና ከርቤ ናቸው፤ የሚመጡትም ከዐረቢያና ከአፍሪካ ቀንድ ነው። ከርቤን በቻይንኛ «ሞ ያኦ» ይሉታል፤ «ያኦ» መድኃኒት ማለት ሲሆን «ሞ» የመጣችው «ሙር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ስለዚህ «የቻይና መድኃኒት» ብለን በውድ የምንገዛው ፕላስተር ውስጥ ከመተማ አካባቢ ዛፍ የተፋቀ ዕጣን ቢኖርበት ሊገርመን አይገባም።

መርፌው ሲፈተን

መርፌው በምዕራቡ ዓለም ወሬ የሆነው በ1971 ነው። ጄምስ ሬስተን የተባለው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤጂንግ እያለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ስለ መርፌው ጻፈ። ወሬው ሲዛመት «ያለ ማደንዘዣ በመርፌ ብቻ ቀደዱት» ተባለ። እሱ ራሱ የጻፈው ግን ሌላ ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው የተለመደው ማደንዘዣ ተወግቷል፣ የቻይናው መርፌ የተሰጠው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆዱን ሲነፋውና ሲያስጨንቀው ነው። የጋዜጣ ወሬ ሰነዱ ከሚለው በላይ ሲጋነን አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ሐዲስ ስንሰማ ኢስናዱን እንጠይቃለን፤ የሕክምና ወሬም ኢስናድ ሊጠየቅበት ይገባል።

ታዲያ በአግባቡ ሲሞከር ምን ተገኘ? ሙከራው እንዴት እንደሚደረግ መጀመሪያ እንረዳ። መድኃኒትን ለመፈተን ለግማሾቹ ታማሚዎች እውነተኛውን ክኒን፣ ለግማሾቹ ደግሞ ምንም የሌለበትን ክኒን መስጠት ይቻላል። መርፌ ግን ይታያል፣ ይሰማል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የማስመሰያ መርፌ ፈጠሩ። አንዳንዱ ቆዳን ነክቶ ወደ እጀታው የሚመለስ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እውነተኛ መርፌ ሆኖ ከታወቁት ነጥቦች ውጭ ባለ ቦታ ላይ ሳይጠልቅ የሚገባ ነው። የነጥቦቹ ትምህርት ትክክል ከሆነ እውነተኛው ከማስመሰያው በብዙ መብለጥ አለበት።

ጀርመን ውስጥ ሥር በሰደደ የወገብ ሕመም የሚሰቃዩ 1,162 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ተሞክሯል፤ ውጤቱ በ2007 ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ እውነተኛውን መርፌ ከተወጉት 47.6 በመቶዎቹ ተሽሏቸዋል። ማስመሰያውን ከተወጉት 44.2 በመቶ። የተለመደውን ሕክምና፣ ማለትም መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ፣ ካገኙት ደግሞ 27.4 በመቶ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ቆም ብላችሁ እዩአቸው። መርፌውን የሚወዱ ሰዎች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ያነባሉ፦ «ከተለመደው ሕክምና በብዙ በለጠ!» እውነት ነው። የሚጠሉት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያነባሉ፦ «ከማስመሰያው አልተለየም!» እሱም እውነት ነው። አብረው ሲነበቡ የሚሉት ይህን ይመስላል፦ መርፌ የተወጉት ሰዎች በእርግጥ ቀለል ብሏቸዋል፣ ነገር ግን መርፌው የገባበት ነጥብ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ጥቅሙ ከየት መጣ ቢባል፣ መርፌው ነርቭን መቀስቀሱ፣ ሰውነት የራሱን የሕመም ማስታገሻ መልቀቁ፣ ግማሽ ሰዓት ተኝቶ ማረፉ፣ በትኩረት የሚያዳምጥ ሰው ማግኘቱ፣ ይሻለኛል ብሎ መጠበቁ ሁሉም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። እንግዲህ ይህ ሰበብ ነው ወይስ አይደለም? በእኔ እይታ ደካማም ቢሆን ሰበብ ነው፤ የሻጩ ማብራሪያ ግን አልተረጋገጠም።

በማይግሬንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም በ2016 ባወጣው ግምገማ፣ መርፌ ከተወጉት መካከል ከ100 ሰዎች 41ዱ የራስ ምታቱ ድግግሞሽ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶላቸዋል፤ ካልተወጉት 17ቱ ብቻ። ከማስመሰያው ጋር ሲወዳደር ደግሞ 50 ለ41 ነበር። ልዩነቱ አነስተኛ ነው፣ ግን አለ።

የሐኪሞች መመሪያዎችም በዚሁ ምክንያት ተለያይተዋል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት መካከል መርፌውን ዘርዝሯል። የእንግሊዙ ናይስ የተባለው ተቋም በ2016 ለወገብ ሕመም አትስጡት አለ፣ ለማይግሬን መከላከያ ግን እስከ 10 ጊዜ መወጋት ሊታሰብ ይችላል ይላል። አንድ ዓይነት ጥናት አንብበው ሁለት ፈትዋ እንደሰጡ ሙፍቲዎች ናቸው።

ለየዕለቱ ሕመም ሲሆን

ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ላይ ከላይ ያልነው ይበቃል፤ ሞክሮ የቀለለው ሰው አይወቀስም። ግን ቅደም ተከተል አለው። የተማሪ ራስ ምታት በብዛት ከእንቅልፍ ማጣት፣ ቁርስ ሳይበሉ ከመዋል፣ ውኃ ካለመጠጣትና መነጽር ከሚያስፈልገው ዓይን ይመጣል። እነዚህን ሳያስተካክሉ መርፌ ፍለጋ መሄድ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደ መወልወል ነው። ወገብም እንዲሁ፤ በየአርባ ደቂቃው ከወንበር መነሳት ምንም አያስከፍልም።

ማቅለሽለሽ ላይ መርፌው ከሌሎቹ ይልቅ ጠንከር ያለ ማስረጃ አለው። «ኔይጓን» የሚባለው ነጥብ ያለው በክንድ ውስጠኛው ገጽ ነው፤ ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ሦስት ጣት ያህል ወደ ላይ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ ይህን ነጥብ ማነቃቃት እንደሚያግዝ በበርካታ ሙከራዎች ታይቷል። ለመኪና ማቅለሽለሽ ያለው ማስረጃ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ በአውራ ጣት ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ ጉዳት የለውም፣ መርፌም ገንዘብም አይጠይቅም። ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ሞክሩት። ከዝንጅብል ጋር ይሻላል፤ ዝንጅብልም እኮ በቻይናዎች የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ሥር ነው።

ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለወር አበባ ቁርጠትና ለፈተና ጭንቀት የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽና ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ከዚህ በላይ ባልናገር እመርጣለሁ።

አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወደ መርፌ ወይም ወደ ቅጠል መሄድ የለበትም። አንድ የአስም ታማሚ ተማሪ «ከሥሩ ይነቅልልሃል» ስለተባለ ብቻ የሚነፋውን መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ከቆለፈ፣ የሚከፍለው ዋጋ ሕይወቱ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ድንገተኛና ከዚህ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ያለው የአንገት መገተር፣ ከወገብ ሕመም ጋር የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ፣ ጉዞው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቅጠሉ፦ ወባን ያሸነፈውና ኩላሊት የበላው

ብዙ ሰው መርፌውን ይፈራል፣ ቅጠሉን ግን «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ይጠጣል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መርፌ በንጹሕ እጅ ከሆነ ከባድ ጉዳቱ ብርቅ ነው። ቅጠል ግን መድኃኒት ነው፤ የመድኃኒት ኃይል ካለው የመድኃኒት ጉዳትም አለው። ሁለት ታሪኮች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በደማችን ውስጥ ያለፈ ታሪክ ነው። ቻይና ግንቦት 23 ቀን 1967 የወባ መድኃኒት የሚፈልግ ምስጢራዊ ፕሮጀክት ጀመረች፤ ከቀኑ የተነሳ «523» ተባለ። ፕሮፌሰር ቱ ዮዮ የሚመሩት ቡድን የጥንት መጻሕፍትንና የባህል ሐኪሞችን እየጠየቀ ከ2,000 በላይ የመድኃኒት ቅመማዎችን ሰበሰበ። ከ200 ገደማ ቅጠሎች የወጡ ከ380 በላይ ጭማቂዎች በአይጥ ላይ ተሞከሩ። «ቺንግ ኻኦ» የተባለው ተክል አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ግራ አጋባቸው። ፕሮፌሰሯ ወደ መጽሐፍ ተመለሱ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌ ኾንግ የተባለ ሐኪም ባዘጋጀው የአስቸኳይ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ፣ ተክሉ ይቀቀል አይልም፤ በውኃ ተነክሮ ይጨመቅ ነው የሚለው። እሳቱ ይሆን የሚያበላሸው? በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኢተር አወጡት። በጥቅምት 1971 የተሞከረው ቁጥር 191 ጭማቂ በአይጦቹ ደም ውስጥ የነበረውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ለሰው ከመስጠታቸው በፊት ፕሮፌሰሯና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ወሰዱት። ከዚህ ተክል የተገኘው አርቴሚሲኒን በ2015 የኖቤል ሽልማት አሰጣቸው። አገራችን ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የምትሰጠው ኮአርተም የተሠራው ከዚሁ ዘር ነው። ከጋምቤላ፣ ከመተከል ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣችሁ ምናልባት በልጅነታችሁ ውጣችሁታል።

አስተውሉ፦ መጽሐፉ ፍንጭ ሰጠ፤ ፍንጩን መድኃኒት ያደረገው ሙከራው ነው። ከዚያው መጽሐፍና ከሌሎቹ የተሰበሰቡት መቶዎቹ ቅጠሎች በፈተናው ወድቀዋል፤ ስለ እነሱ ማንም አያወራም። ደግሞ ከቡና ጠረጴዛችን የማይጠፋው አሪቲ የዚህ ተክል ዘመድ ስለሆነ «እሱን አፍልተን እንጠጣ» የሚል አይጥፋ አይባልም። ዘመድ ማለት አንድ ማለት አይደለም። እውነተኛው ተክል ራሱ ሲፈላ ምን ያህል መድኃኒት እንደሚሰጥ አይታወቅም፤ ጎዶሎ መጠን ደግሞ ተውሳኩን መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ቤልጅየም ውስጥ የሆነ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራሰልስ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ የቻይና ቅጠል የተቀላቀለበት ክኒን ይሰጥ ነበር። ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው ሲደክም ታየ፤ በ1993 ጉዳዩ በሕክምና መጽሔት ታተመ። ተጎጂዎቹ ከ100 በላይ ሆኑ። አንዳንዶቹ ኩላሊት ማጠብ፣ አንዳንዶቹ ኩላሊት ማስቀየር አስፈለጋቸው፤ ከዓመታት በኋላ በሽንት መተላለፊያቸው ካንሰር የወጣባቸውም ነበሩ። ምክንያቱ የስም መመሳሰል ነው። «ፋንግ ጂ» በሚባለው ሥር ፈንታ «ጓንግ ፋንግ ጂ» የሚባለው ገብቷል፤ ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ አለው። ይህ መርዝ ዛሬ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጡት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ሴቶቹ የፈለጉት ጥቂት ኪሎ መቀነስ ብቻ ነበር።

በዶርም የሚዞረውን ሻይ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ማኹዋንግ (ኤፌድራ) ያለበት የክብደት መቀነሻ ልብን ስለሚያስጨንቅ አሜሪካ በ2004 በምግብ ማሟያነት እንዳይሸጥ ከልክላለች። በዐረብኛ ዒርቅ ሱስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር በብዙ የቻይና ቅመማዎች ውስጥ አለ፤ ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ጂንሰንግ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ንጹሕ ቅጠል» ተብለው የተሸጡ ክኒኖች ሲመረመሩ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ያልተገለጸ የፋብሪካ መድኃኒት የተገኘባቸው መሆኑ ነው። ክኒኑ ወዲያው «ሠራ» የሚባለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ በማታነቡት ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ዝርዝሩን የሚነግራችሁ ፋርማሲስት ከሌለ፣ ወደ አፋችሁ አታስገቡት።

ሐላልና ሐራሙ

መርፌው ላይ ከመርፌው የተነሳ የሚመጣ የሐላል ጥያቄ የለም። ቅመማዎቹ ላይ ግን አለ። አንዳንዶቹ በአልኮል ተነክረው የሚጠጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእንስሳ ክፍል አለባቸው። ከሁሉም የእኛን አገር በቀጥታ የነካው «ኧጂያዎ» ነው። ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ጄልቲን ሲሆን ለደም ማነስና ለሴቶች ድካም ይሰጣል፤ በጣፋጭና በመጠጥ መልክም ይሸጣል። የቻይና ፍላጎት ሲጨምር ቆዳው ከአፍሪካ መፈለግ ጀመረ። ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2017 በነዋሪው ተቃውሞ ተዘጋ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ እንዲቆም ወስነዋል። የኛ ገበሬ ውኃና እህል የሚያጓጉዝበት እንስሳ መሆኑን ላሰበ ሰው ውሳኔው ግልጽ ነው።

የቤት አህያ ሥጋ በኸይበር ጊዜ መከልከሉ የታወቀ ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማዎችም ሐራም ይሉታል። ቆዳው ተቀቅሎ ጄልቲን ሲሆን ባሕርዩ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚለው (ኢስቲሓላ) ውይይት ውስጥ መግባት አያስፈልገንም፤ ለደም ማነስ ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ የብረት ክኒን እያለ፣ ምስርና ጎመን እያለ፣ ዶሩራ የለም።

ለመሄድ የወሰናችሁ እንደሆነ

መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ከታሸገ ከረጢት በፊታችሁ ይከፈት፤ አንዴ ከዋለ በኋላ ይጣል። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ በጋራ መርፌ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ይተላለፋሉ። ለዋግምት ምላጭም ያው ሕግ ነው፤ «ሱንና ነው» ማለት ምላጩን አያነጻውም። ሰጪው የሥራ ፈቃድ ያለው ሐኪም መሆኑን፣ ደረትና ትከሻ ላይ ሲወጋም ጥልቀቱን የሚያውቅ መሆኑን ጠይቁ፤ ሳንባ መብሳት ብርቅ ቢሆንም ተከስቷል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚያስፈልግና በስንተኛው ለውጥ ካልታየ እንደሚቆም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «እስኪሻልህ ድረስ» የሚል መልስ መልስ አይደለም፤ በተለይ ከቤተሰብ ኪስ ለሚከፍል ተማሪ።

ወገብና ጀርባ መገለጡ ስለማይቀር እህቶች ሴት ባለሙያ፣ ወንድሞች ወንድ ባለሙያ ይጠይቁ። ካልተገኘ አስፈላጊው ቦታ ብቻ ይገለጥ፣ ኸልዋም አይሁን፤ ጓደኛ ይዞ መግባት ይቻላል።

በረመዷን የሚነሳው ጥያቄ ጾም ያስፈታል ወይ የሚለው ነው። ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾምን እንደማያበላሽ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ይናገራሉ፤ ይህ መርፌ ደግሞ ጭራሽ ምንም ነገር ወደ ሰውነት አያስገባም። ስለዚህ ነገሩ ከዚያም የቀለለ ይመስላል፤ ሆኖም የምትከተሏቸውን ዓሊም ጠይቁ። በነጥቦቹ ላይ ፈሳሽ የሚወጋበት ሌላ ዓይነት ስላለ ምን እንደሚሰጣችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው። ከፊቅሁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በባዶ ሆድ መርፌ የሚወጋ ሰው ራሱን የመሳት ዕድሉ ይጨምራል። ከዐስር በኋላ ተዳክማችሁ ከምትሄዱ፣ ቀጠሮውን ከኢፍጧር በኋላ ወይም ከረመዷን ውጭ አድርጉት።

ወሏሁ አዕለም።